ዲ ውስጥ የቀረው ድምፅ

ዲቫካራን ማሽ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ግን በመንደሩ በፑትንካሪ ስሙን ብቻውን የሚጠራ ሰው አይገኝም። ማሽ ማለት መምህር ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ከተለጠፈ እስከ አስከሬን ማቃጠያው እንጨት ድረስ አይለቅም። ያስተምር የነበረው ሒሳብ ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር ሲታደል፣ ሌላው መምህር ሁሉ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ፣ እሱ «እስቲ እኔ ልየው» ብሎ የክፍሉን ቁልፍ ተረከበ። በዚያው ያዘው።

የያዘው ሊኑክስ ነው። ኮምፒውተር ከፋብሪካ ሲመጣ የሚያስነሣውና የሚያዝበት ፕሮግራም አብሮት ተጭኖ ይመጣል፤ ያ ፕሮግራም ባለቤት አለው፤ ውስጡን ልይ ብትል አይፈቀድልህም። ሊኑክስ ግን ባለቤት የለውም፣ ወይም ሁሉም ባለቤቱ ነው። የፈለገ ይወስደዋል፣ የፈለገ ከፍቶ ያየዋል፣ የቻለ ያርመዋል። ማሽ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ቀይ ባንዲራ ይዞ የተሰለፈ ሰው ነውና፣ ነገሩ ሲነገረው ልክ እንደ መሬት ላራሹ ገባው። ከዚያ ወዲያ በመንደሩ ቤተ መጻሕፍት በረንዳ ላይ ወንበሩን እያወጣ፣ ላፕቶፕ ይዞ ለመጣ ሁሉ፣ ለልብስ ሰፊውም ለባጃጅ ነጂውም፣ የፋብሪካውን እያወጣ ሊኑክስ ይጭናል። ገንዘብ አይቀበልም። ሻይ ሻጩ ሁልጊዜ ይቀልድበታል፤ «ማሽ፣ እግዜር የለም ይላሉ፤ ግን ከቄሱ የበለጠ ያጠመቁት እርስዎ ነዎት» ይለዋል።

ስሙን ብቻውን የሚጠራ አይገኝም አልኩ እንጂ፣ አንድ ሰው ነበር። ኡሴፍ ዳክዬ አርቢው። ማሽና ኡሴፍ በአንድ ቦይ ዋና የለመዱ፣ ከአንድ ሰው ጓሮ ማንጎ የሰረቁ ናቸው። አንዱ ሂንዱ ተወልዶ ሃይማኖቱን ትቷል፤ ሌላው ክርስቲያን ነው፤ ሲገናኙ መሰዳደብ ነው ሥራቸው። «ዲቫካራ፣ አንተ ከሓዲ!» ብሎ ኡሴፍ ከጀልባው ላይ ሲጣራ ቦዩ ያስተጋባ ነበር። የኡሴፍ ድምፅ ዝም ብሎ ድምፅ አይደለም። የእባብ ጀልባ በሚባለው ረጅም ጀልባ ውድድር ቀዛፊዎቹ ሁሉ መቅዘፊያቸውን በአንድ ላይ የሚያነሡት በሱ ዘፈን ነው። መሐል ላይ ቆሞ አንድ ስንኝ ሲለቅ፣ በወዲያኛው ዳር ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሥራቸውን ትተው ቀና ይሉ ነበር። ዳክዬዎቹም ያውቁታል፤ አንዴ ከጠራቸው፣ ከተበተኑበት የሩዝ ማሳ እየተንጋጉ ይመጣሉ።

ታዲያ ያን ጉሮሮ ካንሰር ገባበት። ሐኪሞቹ ነፍሱን ለማትረፍ ድምፅ የሚወጣበትን ቆርጠው አወጡት። አሁን የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ ባለች ቀዳዳ ነው፤ ነጭ ጨርቅ ጣል ያደርግባታል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚወጣ ነገር የለም።

ዓይን ላለው ሰው ይሄ ያን ያህል አይከብድም። ከንፈሩን እያየ ይገምታል፣ ካቃተውም ኡሴፍ ይጽፍለታል። የኡሴፍን ሚስት የሮሳማን ዓይን ግን ስኳር ከወሰደው ቆይቷል። እሱ መናገር አይችል፣ እሷ ማየት አትችል። እንግዲህ ያ ቤት እንዴት ሊኖር ነበር?

መላ የፈጠረች ልጃቸው ጃሲንታ ናት። ባሕር ማዶ፣ ሙስካት ከተማ ነርስ ናት። የአባቷ ጉሮሮ ሊቆረጥ እንደሆነ ስትሰማ ፈቃድ ወስዳ መጣች። አላፑዣ ከተማ ወርዳ ላፕቶፕ ገዛች፤ አባቷን በረንዳው ላይ አስቀምጣ ድምፁን መቅዳት ያዘች። «ሮሳማ» በል አፓ፣ አባቴ፣ አለችው፤ አለ። «ውኃ ስጪኝ» በል፤ አለ። «ዝናብ መጣ፣ ልብሱን አስገቢ»፤ «ዳክዬዎቹ ገብተዋል»፤ «ዓሣው ጨው በዝቶበታል»፤ «መድኃኒትሽን ዋጥሽ ወይ?»። ጉሮሮው እየደማ፣ ለብ ያለ ውኃ እየተጎነጨ፣ የቤት ቃል የሚባለውን አንድ በአንድ ለቀመላት። ሲያበቃ ደግሞ የራሱን ጨመረ፤ ለጎረቤቱ ውሻ ስድብ፣ ለማሽ ስድብ፣ ለሮሳማ ደግሞ ልጁ ፊቷን አዙራ የቀዳችውን አንድ ሁለት ነገር። ጃሲንታ እያንዳንዱን ከአንድ ሥዕል ጋር አያያዘችው። ኡሴፍ ሥዕሉን ሲነካ ላፕቶፑ በኡሴፍ ድምፅ ይናገራል።

ከሆስፒታል የተመለሰ ዕለት ስሟን ሲጫን፣ ሮሳማ ግድግዳውን እየዳበሰች ከወጥ ቤት መጣች። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ቆየችና «አንተ ሽማግሌ፣ ለካ አልሞትክም» አለችው።

እንዲህ ሆነው ኖሩ። ሰው ምን የማይለምደው አለ? ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ እሷ ታወራለች፣ እሱ ሥዕል እየነካ ይመልሳል። አንዳንዴ ሊያናድዳት ሲፈልግ «ዓሣው ጨው በዝቶበታል»ን ገና ዓሣው ሳይገዛ ይጫነዋል።

በኋላ ግን ላፕቶፑ ይዘገይበት ጀመር። የፋብሪካው ፕሮግራም በየጊዜው አፕዴት አደርጋለሁ ይላል፤ ባደረገ ቁጥር ይብስበታል። ከተከፈተ በኋላ እንኳ ያቺ ትንሽ ክብ መሐል ላይ ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፤ ኡሴፍ ጣቱን ሥዕሉ ላይ ደቅኖ ይጠብቃል። ሩዙ አረረ ሊል ሲነሣ ሩዙ አርሮ ያልቃል። ጎረቤቶቹ «ኡሴፍ ዛሬ የሚናገረውን ትናንት ነው የጀመረው» እያሉ ይስቃሉ። ሳቁ የቆመው ሮሳማ ወደ ቦዩ የሚወርደውን ደረጃ ስታ የወደቀች ዕለት ነው። ኡሴፍ ከበረንዳው እያያት ነበር። «ተዪ!» የሚለውን ሥዕል ተጭኖ ነበር። ክቧ ስትሽከረከር እሷ ውኃው ውስጥ ገባች። ሰዎች ደርሰው አወጧት፤ ጉልበቷ ተልጦ፣ ክንዷ አብጦ ተረፈች።

ማሽ ይህን ሲሰማ አላስቻለው። ስንት ጊዜ ነግሮት ነበር! ይሄን ባላባት ከቤትህ አስወጣ፣ ቀላል የሆነውንና የሕዝቡን ልጫንልህ፣ ማሽኑ እንደ ድሮ ይሮጥልሃል እያለ። ኡሴፍ ግን ልጁ ያዘጋጀችለትን ነገር ሰው እንዲነካበት አይፈልግም ነበር። አሁን ራሱ ላፕቶፑን በፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ ታንኳውን እየቀዘፈ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ድረስ መጣ። ማሽ ግን እዚህ አይሆንም፣ ሮሳማ ባለችበት በቤትህ ይሁን አለው። የመጀመሪያውን ቃል እሷ እንድትሰማው ፈልጎ ነው።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ሮሳማ ካሳቫ ቀቅላ በቃሪያ አቀረበች። ማሽ ሊኑክሱ ያለበትን ፍላሽ ከሸሚዝ ኪሱ አወጣ። ከመጀመሩ በፊት ግን ለኡሴፍ በደንብ አስረዳው፤ ማስረዳት የሚወድ ሰው ነውና።

ልብ በሉ፣ በዚያ አገር ላፕቶፕ የሚሸጡ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ማሽኑን ለገዢ ከማስረከባቸው በፊት ሆዱን ለሁለት ይከፍሉታል። አንደኛውን ሲ ይሉታል፤ የሚያስነሣው ፕሮግራም የሚቀመጠው እዚያ ነው። ሌላውን ዲ ይሉታል፤ የሰው ፎቶ፣ የሰው ሰነድ፣ የሰው ዘፈን እዚያ ይገባል። ማሽኑ ሲታመም ሲ ይታጠባል፤ ዲ አይነካም። ይህን ሕፃን ሽማግሌው ያውቃል። «ዲ ውስጥ ነው» ካልክ በእናትህ መቀነት ተቋጥሯል እንደማለት ነው። ማሽም በዕድሜው ሙሉ ሲያደርግ የኖረው ይህንኑ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አልከዳውም።

«ሲ ሳሎን ነው» አለው። «ዲ ጓዳህ ነው። እኔ ሳሎኑን አፍርሼ እሠራዋለሁ፤ ጓዳህን ዝር አልልበትም። ስንጨርስ ዕቃህን ከጓዳ እናወጣለን፣ አለቀ።»

የኡሴፍን ድምፆች ሁሉ አንድ በአንድ እያየ ወደ ዲ አዛወራቸው። ኡሴፍ ሲያይ ቆየና ፍላሹን በጣቱ ነካ፤ እዚህስ ላይ አይቀመጥም ወይ ማለቱ ነበር። ማሽ ሳቀበት። ፍላሹ በሊኑክስ ተሞልቷል፤ ሌላ ፍላሽ ለመግዛት ደግሞ ከተማ መውረድ ነው።

«ዲ ውስጥ ነው ስልህ! ሠርግ ቤት እንደሄደች አማት አትጨነቅ» አለው።

ኡሴፍም በከንፈሩ የሆነ ነገር ብሎ ሳቀ፤ ስድብ መሆኑ ያስታውቃል። ማሽ ላፕቶፑን ዘጋው፣ ፍላሹን ሰካ፣ አስነሣው፤ ሲን መረጠ፣ ደመሰሰው፣ በቦታው ሊኑክስን ጫነ። ሮሳማ ቁጭ ብላ ትሰማለች። ማሽ ጭነቱ እየሄደ ሳለ ስለ ነፃነት አወራላት፤ ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ያልሆነ ቤት እስር ቤት ነው አላት። እሷ ደግሞ ስለ ካሳቫው ጨው ጠየቀችው።

ከዚያ ማሽኑ ተነሣ። እንዴት ያለ አነሣሥ! ክቧ የለች፣ መጠበቅ የለ፣ ክዳኑ ሲከፈት ብርሃን አብሮ ብልጭ አለ። ኡሴፍ እጁን በእጁ መታ። ማሽ እንደ ሙሽራ አባት ደረቱን ነፍቶ ዲን ነካው።

ዲ ቁልፍ ጠየቀው።

ማሽ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። መልሶ ነካው። ቁጥር አስገባ ይላል፤ አጭር ቁጥር አይደለም፣ እንደ ባቡር ተቀጣጥሎ የሚሄድ። እሱ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። የላፕቶፑ ዲ ተቆልፎ ነበር እንዴ? መቼ? ማን ቆለፈው? አጥፍቶ አስነሣው። ፍላሹን ሰክቶ በሌላ በኩል ሞከረ። ኡሴፍ መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ያይ ነበር፤ ማሽ ማላቡን ሲያይ ፈገግታውን ዋጠው።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለች ሮሳማ። «አልጀመራችሁም እንዴ?»

ማሽ ትንሽ ይቆያል አላት። ያን ቀን የተናገረው ውሸት ይህ ብቻ ነው።

ነገሩን በኋላ ላይ፣ ትሪቫንድረም ከተማ ያሉትን ወጣቶች በስልክ ሲያዋይ ነው የተረዳው። እነዚህ ወጣቶች ሊኑክስን ራሱን የሚጽፉ፣ ስብሰባ ላይ ለማሽ ተነሥተው ወንበር የሚለቁ ልጆች ናቸው። አዲሶቹ ማሽኖች፣ አሉት፣ ከፋብሪካ ሲወጡ ፕሮግራማቸው ለማንም ሳይናገር ሆዳቸውን ይቆልፈዋል፤ ሌባ ቢሰርቀው እንዳያነበው ነው። ባለቤቱ አይታወቀውም፤ ምክንያቱም የዲ ቁልፍ ሲ ውስጥ ተሰቅሎ ስለሚኖር በገባ በወጣ ቁጥር በሩ ራሱ ይከፈትለታል። ማሽ ሳሎኑን ሲያፈርስ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጓዳ ቁልፍ አብሮ አፈረሰው። ያደረገው ይህን ነው።

«እዚያ ውስጥ ምን ነበረ፣ ማሽ?» ብሎ አንደኛው ጠየቀው።

«የሰው ድምፅ» አለ ማሽ።

ልጁ፣ ተጠባባቂ ቁልፍ ይኖራል አለው። ያ ረጅም ቁጥር፣ ማሽኑ ገና ሲገዛ በተከፈተለት አካውንት ውስጥ ይቀመጣል፤ ኢሜይሉንና የይለፍ ቃሉን ያወቀ ሰው ገብቶ ያየዋል። ማሽ ነፍሱ መለስ አለች። ስልኩን ዘግቶ ሙስካት ደወለ።

ጃሲንታ የሱው ተማሪ ነበረች። ነገሩን ሲነግራት በሆስፒታሉ ጫጫታ መሐል ደግሞ አስደገመችው። የድምፁን ሌላ ቅጂ አላስቀረችም፤ አካውንቱን ሲጠይቃትም፣ እኔ አልከፈትኩትም አለችው። ላፕቶፑን ስትገዛ ባለ ሱቁ ኢሜይል አለሽ ወይ ሲላት፣ ከአባቷ ሐኪም ጋር ቀጠሮ ስለነበራትና ስለቸኮለች፣ አንተው ሙላው ብላዋለች። ሁሉም ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው። ማን ነው ሱቅ ቆሞ ፎርም የሚሞላ?

ማሽ አላፑዣ ወረደ። ባለ ሱቁ ደግ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠው፣ ሻይ አስመጣለት። ሲሰማ ግንባሩን ያዘ። ለየገዢው ኢሜይል ሲፈጥርለት ይውላል፤ የመጣለትን ስም ይጽፋል፣ ማረጋገጫው የሚላክበትን ሲም ካርድ ደግሞ ካምፓኒዎቹ በነፃ ሲበትኑ ያነሣል፣ ሲያልቅ ይጥለዋል። ስሙን ቢያስታውስ እንኳ ሲሙ የለም፤ ሲሙ ከሌለ አካውንቱ አይከፈትም። ቢሆንም ሱቁን ለወንድሙ ትቶ አብሮት ተቀመጠና የመሰለውን ስም ሁሉ ሞከረ።

በመጨረሻ ቀና አለና «ማሽ፣ ብዋሽዎት ደስ ባለኝ» አለው። «ለሰው እንዳይቸግር ብዬ ነበር የማደርገው።»

ማሽም ለሰው እንዳይቸግር ብሎ ነው ያደረገው።

ትሪቫንድረም ላሉት ልጆች መልሶ ደወለ። ላፕቶፑን እንዳለ ላምጣላችሁ ወይ አላቸው። ማሽ፣ አይልፉ፣ አሉት። ያ መቆለፊያ ለመገመት አልተሠራም፤ ያለ ቁጥሩ ቢሞከር ቢሞከር፣ የኡሴፍም የእኛም ዕድሜ ያልቃል እንጂ አይከፈትም። ይህን ሲሉት ድምፃቸው ለስልሶ ነበር፤ ሐኪም ለቤተሰብ እንደሚናገረው።

ለሮሳማ መንገር የማሽ ዕጣ ሆነ። ኡሴፍማ በምን አፉ ይነግራታል? በረንዳው ላይ ተቀምጣ ትንንሽ ዓሣ በእጇ እየዳሰሰች ትጠርጋለች። ማሽ አጠገቧ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት፤ ሲውን፣ ዲውን፣ ቁልፉን፣ ባለ ሱቁን። እጇ ሥራውን አላቆመም።

«ማሽ» አለችው ሲጨርስ፤ «እንዲያው እኔ አልተማርኩም። ድምፁ ውስጡ አለ ወይስ ጠፍቷል?»

«አለ።»

«ተበላሽቷል?»

«አልተበላሸም። ልክ እንዳለ ነው። ግን አይከፈትም።»

ዓሣዋን አስቀመጠች። «ጠፍቷል ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። «የጠፋን ነገር ሰው አልቅሶ ይቀብረዋል። ይሄን ምን አደርገዋለሁ?»

ኡሴፍ ከበሩ ላይ ቆሞ ነበር። አልተቆጣም። ቢቆጣ፣ አንስቶ ቦዩ ውስጥ ቢወረውረው ማሽ ደስ ባለው። ወጥቶ የቀርከሃ ዘንጉን ያዘና ዳክዬዎቹን ሊሰበስብ ሄደ።

ማሽ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሊኑክስ ላይ፣ የተጻፈውን ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ፕሮግራም አለ፤ በአገሩ ቋንቋ በማላያላምም ይናገራል፤ የፈለጉትን ጽፎ ማስነገር ይቻላል፤ ከድሮው ይልቅ ብዙ ቃል አለው። ጫነላቸው። ኡሴፍ በአንድ ጣቱ እየፈለገ «ሮሳማ፣ ሻይ አለ ወይ?» ብሎ ጻፈ። ማሽኑም ተናገረ።

ሮሳማ ደንግጣ ተነሣች። «ማነው ቤቴ የገባው?»

ባልሽ ነው አላት ማሽ።

«ይሄ ባንክ ቤት ወረፋ የሚጠራው ነው» አለች። «ባንክ ቤት ወረፋ ጠሪ አላገባሁም። ያጥፉልኝ።»

ኡሴፍ ሳቀ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ማሽ አየው። ወዲያው ደግሞ ሳቁ ይሁን ሌላ መለየት አቃተው። ፕሮግራሙ ተዘጋ፤ ሁለተኛም አልተከፈተ።

ከዚያ ጃሲንታ ከስልኳ ውስጥ አንድ ነገር አገኘሁ ብላ ላከች። ያኔ ቅጂውን በላፕቶፑ ከመጀመሯ በፊት በስልኳ የሞከረችው ነው። ማሽ በጀልባው ላይ ሳይከፍተው፣ በደረቱ ይዞት፣ ቤታቸው ደረሰ። ሁለቱን አስቀምጦ ተጫነው። የቦዩ ንፋስ መጣ፣ አንድ ዳክዬ ጮኸ፣ ከዚያ ያ የሚያውቁት ድምፅ፤ «አይ ልጄ፣ ደከመኝ። አጥፊው።»

ሌላ የለውም። ሮሳማ አንዴ ድገሙልኝ አለች፤ ተደገመላት። ሁለተኛ ሲጨርስ ጉልበቷን ይዛ ትንሽ ተወዛወዘች።

«እሱ ነው» አለች። «ግን እኔን አይደለም የሚያናግረው። ለልጄ ትቀመጥላት።»

ኡሴፍ ከዚያ ወዲያ መናገር የፈለገውን በሰሌዳ ላይ መጻፍ ያዘ። አንባቢ ግን ያስፈልጋል። ማሽ ጧት ጧት፣ ደግሞ ወደ ማታ ላይ ይመጣል፤ ከሮሳማ ፊት ተቀምጦ የኡሴፍን ጽሑፍ ያነብላታል። ቤተ መጻሕፍቱን ተወው። ሻይ ሻጩ ስለ ጥምቀቱ መቀለዱን ትቶ አንገቱን ደፍቶ ያሳልፈዋል። መጀመሪያ ላይ ነገሩ የሚሆን መስሎ ነበር። ስለ ዳክዬ መኖ፣ ስለ ተቀደደው መረብ፣ ስለ መድኃኒቷ ያነብላታል፤ እሷ ትመልሳለች። መጣላት ሲፈልጉ ግን አልሆነም። ኡሴፍ ቁጣውን ጽፎ ሲያነሣ ማሽ በመምህር አንደበቱ፣ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር ጠብቆ ያነበዋል፤ በእንዲህ ያለ ድምፅ የሚጣላ ማን አለ? ሌላ ጊዜ ኡሴፍ የሆነ ነገር ጻፈ፣ ለማሽ ሊያሳየው አነሣ፣ አየው፣ መልሶ በመዳፉ አጠፋው። ማሽ ያላየ መስሎ ወደ ቦዩ ዞረ። ከዚያ ጽሑፉ እያጠረ ሄደ፤ ስለ ዳክዬና ስለ መድኃኒት ብቻ ሆነ።

አንድ ቀን ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሮሳማ፣ ማሽ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት አለችው። በዚያ ቦይ ዳር ባሉ የክርስቲያን ቤቶች ሁሉ መብራት ሲበራ የማታ ጸሎት ይደረሳል። አባወራው የመጀመሪያውን ግማሽ ይላል፤ ሚስትና ልጆች የቀረውን ግማሽ ይመልሳሉ። ጃሲንታ ይህንንም ቀድታው ኖሯል። የላፕቶፑ ኡሴፍ ግማሹን ሲል ሮሳማ ትመልስ ነበር። አሁን የሚጀምርላት የለም። «የሱን ግማሽ ቢሉልኝ» አለችው። «አያምኑበትም፣ አውቃለሁ። ማንበብ ብቻ ነው።»

ማሽ እጁን ለጸሎት ካጣጠፈ ዘመን የለውም። ግን እንኳን ይህን ሌላም ቢሉት እንቢ የሚልበት ፊት አልነበረውም። ኡሴፍ የጸሎት መጽሐፉን ከመስቀሉ ሥር አንሥቶ ሰጠው፤ ራሱም አጠገቡ ተንበረከከ። ማሽ መነጽሩን አስተካክሎ አነበበ። ጥርት አድርጎ፣ ቀስ ብሎ አነበበ። ግማሹ ሲያልቅ ቆመ።

ሮሳማ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም።

«እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ» አለች።

ደገመላት። ሚስትየው ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ፣ ሩቅ የሆነ ነገር እንደምታዳምጥ ሆና ቆየች። ከዚያ ነጠላ የመሰለውን ነጭ መሸፈኛዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«በደንብ ነው ያነበቡት» አለችው በትሕትና። «ችግሩ የእርስዎ አይደለም። አፌ የሰው ድምፅ እየለየ እምቢ አለኝ። ይሂዱ ማሽ፣ ጀልባው ያመልጥዎታል።»

ማሽ መጽሐፉን ለኡሴፍ መለሰለት። የኡሴፍን ዓይን ለማየት አልደፈረም። ጫማውን አድርጎ ወደ ጀልባ መጠበቂያው ወረደ። ውኃው ጠቁሯል፤ በየቤቱ መብራት ይበራል፤ በወዲያኛው ዳር የአባቶች ድምፅ ሲጀምር የልጆች ድምፅ ሲመልስ ይሰማል።

ከኡሴፍ ቤት የሮሳማ ድምፅ መጣ። ግማሹን አለች፣ የሚመለሰውን ግማሽ። ቆመች። የባሏን ግማሽ ያህል ዝም አለች። እንደገና የሷን ግማሽ አለች። ዝም አለች። ማሽ ቆሞ አዳመጠ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የኡሴፍ ከንፈር እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ ያውቃል። አንዳንዴ ዝምታው ያጥርበታል፤ እሱ ሳይጨርስ ቀድማ ትገባለች። አንዳንዴ ይረዝማል፤ እሱ ጨርሶ ይጠብቃታል። የሱ አይሰማ፣ እሷ አታይ፤ የት ላይ እንደተላለፉ የሚነግራቸው የለም።

ጀልባው መጥቶ ግንቡን ነካ። ቀዛፊው፣ ማሽ፣ አይሳፈሩም ወይ አለው። ተሳፈረ።